ደረሰኝ

ሦስት ጃኬት አለኝ፣ ሦስት ስልክ ከፊቴ፣
ዕዳዋ ያላለቀ አንዲት ሞተር ንብረቴ።
ሰማያዊው ሲጠራኝ ሰማያዊ እለብሳለሁ፣
ቢጫው ሲንጫጫብኝ ድልድይ ሥር እቀይራለሁ፣
ቀዩን ለክፉ ቀን ከኮርቻው ሥር አኖራለሁ፤
የሱራባያ ሰማይ ቢቀደድም እነዳለሁ።

ዎኖክሮሞ ገበያ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣
የሙርሲናህ መጥበሻ ያፏጫል ዘይቱ ነዶ።
ሳህኑ በዳክዬ፣ በሩዝ፣ በድልህ ተሞላ፣
ሃያ አምስት ሺህ ሩፒያ፣ ቁጭ ብሎ ለሚበላ።
ያው ዳክዬ፣ ያው አጥንቱ፣ ያው የተጠበሰ ሥጋው፣
ስልክ ውስጥ ሲገባ ግን ክንፍ ያበቅላል ዋጋው።

ጉንቱር ዛፍ ሥር ነው፣ ሞተሩ ላይ ተጋድሞ፣
«ቢጫው ይሻላል» ይለኛል፣ «ጉርሻ አለው» ይላል ደግሞ።
«ጉርሻ? በሃያ ትእዛዝ ነው፤ እስቲ ማን አላመጠው?
አሥራ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ስልኬን ዝምታ ዋጠው።»
ሳቀ፣ የቅርንፉድ ሲጋራው ጭስ ከሳቁ ጋር ወጣ፤
ከዚያ እሱም ዝም አለ፤ ዝናቡ እየሮጠ መጣ።

ማታ ሰማያዊው ጠራኝ። ፎቅ አሥራ አንድ፣ ሊፍቱ ቆሞ፣
ደረጃውን በእግሬ፣ ላቤ ከዝናቡ ቀድሞ።
ሊሊክ የሚሏት ሴትዮ በሩን ከፈተች በቁጣ፦
«አርባ ስምንት ሺህ ከፍዬ ሩዙ ቀዝቅዞ ይምጣ?
ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ እኮ ሦስቱንም ሳመዛዝን፤
ቢጫው ‹ማድረሻ በነጻ› ይላል፣ ዳክዬው ላይ ጭኖ ሲመዝን።
ሰማያዊውን የመረጥኩት ነጂው ምን ይበላል ብዬ
ነበር እንጂ፣ ርካሹ ሳይታየኝ ቀርቶ ነው? አዬ!
አሥራ ሁለት ሺህ የከፈልኩህ ለዚህ ነው፣ ለቀዝቃዛ ጉርሻ?»

«አሥራ ሁለት?» አልኳት።
ስልኬን አዞርኩላት፣ ውሃ እያንጠባጠበ፣
ስምንት ይላል፤ ዓይኗ ደጋግሞ አነበበ።
የሷን አየሁ፣ የኔን አየች፤ አንድ ዳክዬ፣ ሁለት ሒሳብ፤
ደረጃው ላይ ቆመን ቀረን እንደ ተጣላ ቤተሰብ።
ወረቀቱን ሰጠችኝ፣ ለምን እንደሆን እንጃ፤
«ውሰደው» ብላ ወረደች፣ ወደኔ አንድ ደረጃ።

ራትሪ ልጄ የመቀነስ የቤት ሥራ ነበራት፣
ከኪሴ ያን እርጥብ ወረቀት አውጥቼ ሰጠኋት።
«አርባ ስምንት ጻፊ፤ ሙርሲናህ ሃያ ስድስት ወሰደች፣
አባትሽ ስምንት።» በጣቷ ቆጠረች፣ ቆጥራም ቀነሰች፤
«ቀሪ አሥራ አራት» አለች። «አባ፣ የቀሪው ቤት የት ነው?
ዳክዬ አይጠብስ፣ ዝናብ አይመታው፣ ሞተር የለው፤ ማነው?»

መልስ አጣሁ። ከስምንቱ ላይ ቀነስን፦ ቤንዚን ሁለት፣ ለጎማው አንድ፣
አንድ ለሞተሯ ዕዳ፤ እርሳሷ ዶለዶመ በመንገድ።
የተረፈው አራት ሺህ፣ የአንድ ብርጭቆ ሻይ።
«ቢጫውን እንሥራው?» አለች። ሠራነው፦ ስድስት ለኔ፣
ሃያ ሰባት ለሴትዮዋ፣ ቀሪ ስምንት። «ቀዩስ?» «ቀዩ
ዘጠኝ ነው የሚሰጠኝ፤ ግን ሲጠራኝ አላየሁ በዓይኔ።»

ከወረቀቱ ራስጌ በደማቅ ተጽፏል፦ ደረሰኝ።
ማን ነው ግን የሚናገረው? ማንን ነው «ደረሰኝ» የሚያሰኝ?
ሊሊክን ዳክዬው ደረሳት፣ ዘግይቶና ቀዝቅዞ፤
ሙርሲናህን ዋጋዋ ደረሳት፣ የላስቲኩን ሒሳብ ይዞ፤
እኔን ዝናቡ ደረሰኝ፣ በጃኬቱ ስፌት ገብቶ፤
አሥራ አራቱም የሆነ ቦታ ደርሷል፣
ደረጃ ሳይወጣ፣ ጠግቦ ተኝቶ።

ራትሪ እርሳሷን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት።
ሦስቱም ስልክ ባንድ ጊዜ ጮኹ።
ሰማያዊው ስምንት። ቢጫው ስድስት።
ቀዩ፣ ያ ቀዩ፣ ዘጠኝ!
ጃኬቱን ፍለጋ ወጣሁ፤
ከኮርቻው ሥር ነው፣ አሁንም አልደረቀም።